በክዳንና በአካል መካከል፦ የሴራሚክ ግሪልና የጋስኬቱ ታሪክ

የሴራሚክ ግሪል ሁለት ክፍሎች ያሉት የከሰል ምድጃ ነው። ታችኛው ክፍል እንደ ጋን ሆዱ የሰፋ አካል ሲሆን ላይኛው ጉልላት የመሰለ ከባድ ክዳን ነው። አየር ከግርጌው ባለች ትንሽ በር ይገባል፣ ጭሱ በክዳኑ አናት ባለው ቀዳዳ ይወጣል። እሳቱን የሚገዙት እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ሌላ ቦታ አየር ካስገባ ግን ምድጃው መታዘዙን ይተዋል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክዳኑና አካሉ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ለዚህ ሲባል በጠርዙ ዙሪያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጥብጣብ ይለጠፋል። ስሙ ጋስኬት ነው፤ ሥራውም የመኪና ሞተር ጋስኬት ከሚሠራው አይለይም። በአክንባሎ ጠርዝ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

የምድጃው የዘር ሐረግ ወደ ጃፓን ይወስዳል። ካማዶ የሚባለው፣ ድስት የሚጣድበት ዝግ ምድጃ፣ ከኮሪያ ባሕረ ገብ መሬት ወደ ጃፓን የተሻገረው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ከጭቃ እየተሠራ በቤቱ ወለል ላይ ተተክሎ ይኖር ስለነበር ቤቱና ምድጃው በአንድ ስም እስከ መጠራት ደረሱ። በጃፓንኛ ካማዶ መክፈል ማለት በአማርኛ ጎጆ መውጣት ከሚባለው ጋር አንድ ነው፤ ከወላጅ ቤት ወጥቶ የራስን እሳት ማንደድ። እ.ኤ.አ. በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል ስለ ንጉሥ ኒንቶኩ የሚያወሳው ትረካም ከዚሁ ምድጃ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሡ ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ አገሩን ሲቃኝ ከሕዝቡ ምድጃ የሚወጣ ጭስ አጣ፤ የሚበስል ነገር ከሌለ ሕዝቡ ደህይቷል ብሎም ግብር ለሦስት ዓመት አስቀረ። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ እስኪያፈስ ድረስ ታገሰ ይባላል። አፈ ታሪክ ቢሆንም የአንድ አገር ኑሮ በምድጃ ጭስ የሚለካበትን ዘመን በደንብ ያሳያል።

ያ ጥንታዊ ካማዶ ጋስኬት አልነበረውም፤ ማሸጊያ ግን ነበረው። ሩዝ የሚቀቀልበት ሃጋማ የተባለው የብረት ድስት በወገቡ ዙሪያ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ የወጣ ቀለበት አለው። ድስቱ በምድጃው አፍ ሲገባ ቀለበቱ በአፉ ላይ ተዘርግቶ ነበልባሉን ከታች ያፍነዋል። ከላይ የሚደፋው ወፍራም የእንጨት ክዳን ደግሞ በክብደቱ ብቻ እንፋሎቱን ይይዛል። ሕፃን ቢያለቅስም ክዳን አይነሣም የሚለው የሩዝ አብሳዮች ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት የሚያልቅ ወይም የሚቀየር ጥብጣብ የለም፤ ማሸጊያው ራሱ የድስቱና የክዳኑ ክብደት ነበር። ከብዙዎቹ የኋላ ዘመን መፍትሔዎች ይልቅ ብልሃት የሚታይበት እዚህ ላይ ነው።

ለዛሬው ግሪል ቅርብ አባት የሚባለው ሙሺካማዶ ነው። ስሙ የእንፋሎት ምድጃ እንደማለት ሲሆን፣ ከቤት ወለል የተላቀቀ፣ ክብ፣ ባለ ጉልላት ክዳን የሸክላ ሩዝ ማብሰያ ነበር። ድስቱ ወደ ውስጥ ይገባና ክዳኑ ይደፋበታል፤ በአየር ማስገቢያዋ እሳቱ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1952 ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ወታደሮች ይህን ዕቃ አይተው ሩዙን ትተው ሥጋ ጠበሱበት። በሸክላ የታፈነ ሥጋ ከብረት ግሪል ይልቅ እርጥበቱን እንደሚጠብቅ ስላዩ ወደ አገራቸው ይዘውት ተመለሱ። ጃፓኖቹ ግን በተቃራኒው መንገድ ላይ ነበሩ። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሌክትሪክ የሩዝ ማብሰያ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ጋዝና ኤሌክትሪክ ካማዶን ከወጥ ቤት አስወጡት። አንዱ ሕዝብ እንደ ኋላ ቀር የጣለውን ሌላው እንደ ብርቅ አነሣው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኤድ ፊሸር የተባለ ነጋዴ በጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በአትላንታ ፓቺንኮ ሃውስ የሚል ሱቅ ከፈተ። ፓቺንኮ ጃፓኖች የሚወዱት፣ ትናንሽ የብረት ኳሶች በምስማር መካከል እየተንጠባጠቡ የሚወርዱበት የቁማር መጫወቻ ነው። ፊሸር ከመጫወቻው ጎን ለጎን ካማዶ ይሸጥ ነበር፤ መጫወቻው ተረስቶ ምድጃው ቀረ። ከሱቁ ያደገው ድርጅት ዛሬ ቢግ ግሪን ኤግ፣ ማለትም ትልቁ አረንጓዴ እንቁላል፣ በሚል ስም ይታወቃል። በኋላም ፕሪሞ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ካማዶ ጆ በ2009 በዚያው በጆርጂያ ተቋቁመው አካባቢውን የሴራሚክ ግሪል መዲና አደረጉት።

የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች ተራ ሸክላ ስለነበሩ ቶሎ ይሰነጠቁ ነበር። ፊሸር ከፍተኛ ሙቀት ወደሚችል ሴራሚክ ተሻገረ፤ ሥራውም በሜክሲኮዋ ሞንቴሬይ ከተማ ይካሄድ ጀመር። አዲሱ አካል ጠንካራ ሆነ፤ በዚያው ልክም መጋጠሚያው ችግር ሆነ። በምድጃ የተተኮሰ ሴራሚክ ሲደርቅና ሲጋገር ስለሚኮማተር ጠርዙ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይወጣም። ሁለት ደረቅ ጠርዞች ሲደራረቡ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፤ ክዳኑ በተጣለ ቁጥርም ይጋጫሉ። ጋስኬት የገባው አየርን ለመከልከልም፣ ግጭትን ለማብረድም ነው። ድሮ የተመረጠው ጨርቅ ፌልት፣ ማለትም ሳይሸመን ተደፍጥጦ የተያያዘ የሱፍ ዓይነት ክር ነበር።

ፌልት ርካሽና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን እሳት ይፈራል። ሥጋ በቀስታ ሲታጠን ምድጃው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ስለሚሠራ ጥብጣቡ ዓመታት ይቆያል። ሁለቱ የአየር በሮች ወለል ብለው ሲከፈቱ ግን የምድጃው ሙቀት ከ370 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ክዳኑ በትክክል ካልተገጠመ የጋለ አየር በጠባቧ ክፍተት እንደ ወናፍ እየወጣ ጨርቁን አንድ ቦታ ላይ ይበላዋል። አየር ተርቦ የቆየ እሳት ክዳኑ በድንገት ሲከፈትለትም ነበልባሉ ቦግ ብሎ ጠርዙን ይልሳል፤ ከጋስኬት በፊት የአብሳዩ ቅንድብ የሚሄድበት ጊዜም አለ። መፍትሔው ከሌላ ሙያ መጣ። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው ኖሜክስ የተባለ ክር አይቀልጥም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የመኪና ተወዳዳሪዎች ልብስ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። እርሱም ቢሆን ወደ 370 ዲግሪ ሲጠጋ መክሰል ይጀምራል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ወደ መስታወት ክር ተሻገሩ። የእንጨት ምድጃ ሠሪዎችም ከዚያ ቀደም ብለው በበሮቻቸው ዙሪያ ይጠቀሙበት የነበረውን አስቤስቶስ፣ ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በዚሁ በመስታወት ክር ተክተውታል።

ምድጃው ከሞቃታማው ጆርጂያ ወጥቶ እንደ ሚኒሶታና ካናዳ ያሉ በረዷማ አካባቢዎች ሲገባ ጋስኬቱ ሌላ ጠላት አገኘ። ወፍራሙ ሴራሚክ ሙቀት ስለሚይዝ ለክረምት ተመራጭ ነው፤ ቀጭን ብረት በብርድ የሚያባክነውን ከሰል ይቆጥባል። የሚቸገረው ጥብጣቡ ነው። ምግቡና ከሰሉ የሚያወጡት እንፋሎት፣ በሮቹ ተዘግተው እሳቱ ሲታፈን ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያም በቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ጤዛ ሆኖ ፌልቱን ያርሰዋል። ሌሊት ውሃው ይረጋል። ጠዋት ክዳኑ ከአካሉ ጋር እንደ አንድ ድንጋይ ተጣብቆ ይገኛል። በጉልበት የሚያነሣው ሰው ግማሹን ጋስኬት ከላይ፣ ግማሹን ከታች ይዞ ይቀራል። ልምድ ያላቸው ክዳኑን አይታገሉትም። የላይኛውን ቀዳዳ ክፍት አድርገው በታችኛው በር በኩል ጥቂት ፍም ያስገባሉ፤ በረዶው በራሱ ጊዜ እስኪለቅም ይጠብቃሉ። ዝግታው ለሴራሚኩም ይጠቅማል፤ እርጥብ የቀዘቀዘ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ከጋለ ይሰነጠቃል።

ያረጀ ጋስኬት በወረቀት ይፈተናል፤ አሜሪካውያን የሚጠቀሙት የአንድ ዶላር ኖት ነው። ኖቱ በክዳኑና በአካሉ መካከል ተይዞ ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ ያ ቦታ አየር ያስገባል ማለት ነው። በበጋ ቅያሬው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አሮጌው በምላጭ ይፋቃል፣ የሙጫው ቅሪት በአሴቶን ይጠረጋል፣ አዲሱ ይለጠፋል። በብርድ ግን ከባዱ ነገር ሙጫው ነው። አብዛኞቹ የማጣበቂያ ዓይነቶች ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዙም፤ በቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ የሚፈጠር ጤዛም ሙጫውን ከሴራሚኩ ይለየዋል። ስለዚህ ከቀናት በፊት መለስተኛ እሳት ነድዶ አካሉ እስከ ውስጡ ይደርቃል። ከዚያም እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አመዱ ከተጠረገ በኋላ ብቻ አሴቶን ይቀርባል፤ በተዳፈነ ፍም አጠገብ ይህን ፈሳሽ መክፈት ቃጠሎ መጋበዝ ነው። ክዳኑን ነቅሎ ወደ ሞቀ ክፍል ማስገባት ይመረጣል፤ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በቦታው የሚቀረው ታችኛው ጠርዝ ሲዳሰስ ለብ እስኪል በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል። ጥብጣቡም በቤት ውስጥ ሞቆ ይቆያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመለጠፉ ላይ ነው። ቀዝቅዞ የደረቀ ጥብጣብ ኩርባውን እንዲይዝ ሲባል ይወጠራል፤ በመጀመሪያው እሳት ደግሞ ወደ ልኩ ተመልሶ ጫፎቹ ይራራቃሉ። ሳይወጠር እየተጫነ ነው መሄድ ያለበት፤ የሁለቱ ጫፎች መገናኛም ከኋላ በማጠፊያው በኩል ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ክዳኑ ተደፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ያለ እሳት ይቆያል፤ በብርድ ወራት ከዚያም በላይ። የመጀመሪያው እሳት ለስላሳ መሆን አለበት።

ከሃጋማ ቀለበት እስከ መስታወት ክር ባለው ታሪክ ውስጥ አካሉ ከጭቃ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ሴራሚክ አድጎ ለዘለቄታው የሚኖር ዕቃ ሆኗል። ስመ ጥር አምራቾች ለመጀመሪያው ገዢ በሴራሚኩ ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ። ጋስኬቱ ግን ዛሬም የሚያልቅና የሚቀየር ዕቃ ነው።