ፊደልና መኪና

የሰው ልጅ ከሌሎች ፍጥረታት የተለየው በአንደበቱና በእጁ ነው ይባላል። በአንደበቱ ያወቀውን ለልጁ ያስተላልፋል፤ በእጁ ደግሞ አካሉ የማይችለውን የሚሠራለት መሣሪያ ያበጃል። የሥልጣኔን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ቋንቋንና መሣሪያን እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ቀንበር አብረው ሲጓዙ ያሳዩናል። እውነቱ ግን እንዲህ የቀና አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው በአንድ ሕዝብ ቋንቋ ልክ ይሰፋና ሌላው ሕዝብ ሲለብሰው ይጠበዋል። ይህ በሆነ ጊዜ መታረም የሚገባው ልብሱ ነው ወይስ ለባሹ? ፊደላችን ከማተሚያና ከጽሕፈት መኪና ጋር የተገናኘበት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ስለሚሰጥ ባጭሩ ልመለከተው አሰብሁ።

በመጀመሪያ ፊደሉ ራሱ መሣሪያ መሆኑን፣ ያውም ሲሻሻል የኖረ መሣሪያ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ግዕዝ 26 ፊደላት ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው ነበሩት፤ ይኸውም 182 ነው። አማርኛ መጻፍ በጀመረ ጊዜ በግዕዝ የሌሉ ድምፆች ስለ ነበሩት ጸሐፊዎቹ በነበረው ፊደል ላይ ጭረት ጨመሩ፤ ሰን ሸ፣ ተን ቸ፣ ነን ኘ፣ ዘን ዠ፣ ደን ጀ አደረጉት። በቅርብ ዘመን እንኳ «ቪዛ»ና «ቪላ» የሚሉ ቃላት ሲገቡ ከበ ላይ ቨ ተወለደ። ይህን ሁሉ ያስቻለ ብርዕ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ ቀለሙን በጥብጦ ከተቀመጠ በኋላ ፊደሉ 182 ቢሆን ወይም 231 ቢሆን ለእጁ አንድ ነው። ለብረት ግን እንደዚያ አይደለም።

ፊደላችን ከብረት ጋር የተገናኘው በአገሩ ሳይሆን በሮማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ከተማ ካህን ሮማ ተቀምጦ ሳለ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲዘምሩ ሰማ። ከማያውቀው ቋንቋ መካከል የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ለየ። በዚህ ተደንቆ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ግዕዝ ተማረና በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ጉተንበርግ ሥራውን ከጀመረ ገና 60 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በተንቀሳቃሽ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው የዐረብኛ መጽሐፍ የወጣው ከዚህ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ሞስኮም ዓመቱ የተጻፈበትን የመጀመሪያ መጽሐፏን ያተመችው በ1564 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የግዕዝ ፊደል ወደ ኅትመት የገባው ከብዙዎቹ በፊት ነው። (ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መሰየሙ ግን መምህሩን በሚገባ ሳይጠይቅ የቀረ ያስመስለዋል።)

ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ የነበሩት ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮማ አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልቡ እዚህ ላይ ነው። ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይለምናሉ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ እንደማይችሉ፣ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ የኅትመትን ሥራ እንደማያውቁ፣ ስለዚህም ዕውር ለዕውር እንደሚረዳዳ ሆነው እንደሠሩት ይናገራሉ። ቋንቋው ባንዱ እጅ፣ መሣሪያው በሌላው እጅ ነበረ ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ ለብዙ ዘመን አልተለወጠም። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው መሠረት የአማርኛን ሰዋስው በ1698 እ.ኤ.አ. ያወጣው በፍራንክፈርት ነው። አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጐሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. ተሟልቶ የታተመው በለንደን ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እንኳ በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው ከሮማ ነው። ማተሚያው ወደ አገራችን የዘገየበትን ምክንያት የሊቃውንቱ እንቢተኝነት ብቻ የሚያደርጉ አሉ። በበኩሌ አይመስለኝም። ማተሚያ ብቻውን አይመጣም፤ ወረቀት፣ የእርሳስ ማቅለጫ፣ ፊደል ቀራጭ፣ ከሁሉም በላይ መጽሐፍ የሚገዛ ብዙ አንባቢ ይፈልጋል። ዳዊት ለሚደግም ሰው ቁም ጸሐፊው ይበቃው ነበር።

በምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ይወጣ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን ሥራው እዚሁ ተደላደለ። ያን ጊዜ ፊደል ለቃሚ የነበሩትን ሰዎች ድካም ማሰብ ነው። የላቲን ፊደል ለቃሚ ትንሹንና ትልቁን ቢደምር 52 ነው። የእኛው ለቃሚ ግን 231ዱን፣ በላያቸውም እንደ ቋና ጓ ያሉትን ዲቃሎች፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሁሉ ከየሳጥኑ በጣቱ ማግኘት ነበረበት። ቢሆንም ሳጥን መጨመር ይቻላል። ችግሩ የጠናው የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው።

የጽሕፈት መኪና 44 ያህል ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ 88 ነው። 231 ፊደል በ88 ቦታ አይገባም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ለዚህ ነገር መላ ፈለጉ። ብልሃታቸው ፊደሉን ከፍሎ ማየት ነበረ፤ የፊደሉ ገላ አንድ ምት፣ የድምፁ ምልክት ሌላ ምት። በተማርሁበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ነበረ። አንድ ቀን ስሜን ልጽፍበት ሞከርሁ። ፊደሉ ይነበባል፤ ነገር ግን ጭራው ከገላው ራቅ ብሎ ስለ ቆመ ቁም ጽሕፈት የለመደ ዓይን ያዝንበታል።

በ1940 ዓ.ም. ገደማ ፊደልን የማሻሻል ሐሳብ ተጽፎ ለሕዝብ የቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። ቱርክ በ1928 እ.ኤ.አ. ፊደሏን ለውጣ ስለ ነበር ነገሩ እንግዳ አልነበረም። የአሻሻዮቹን ክርክር ሳየው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውበታል። አንደኛው ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሕፃኑን ለምን እናደክማለን የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የቋንቋ ምሁራንና የመምህራን ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ስለሆነ መልሱ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ክርክር ግን ፊደሉ ለመኪና አይመችምና ይቀነስ የሚል ነው። እዚህ ላይ የመኪናው ጉድለት በፊደሉ ተላከከ። ሰዎቹን አልነቅፍም፤ ትምህርት ቶሎ እንዲስፋፋ ከልብ የደከሙ ናቸው፤ መኪናው እንደሚለወጥም የሚነግራቸው አልነበረም።

መኪናው ተለወጠ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደሉን በኮምፒዩተር ላይ አዋሉት። መጀመሪያ እያንዳንዱ የራሱን ዘዴ ስለ ተከተለ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ብሎ ይወጣ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከ300 የሚበልጡ የግዕዝ ምልክቶችን ተቀበለ፤ ሀም፣ ሐም፣ ኀም በየቦታቸው ገቡ። የምንጽፍበት ዘዴ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ነው፤ አንዱ ለፊደሉ፣ አንዱ ለድምፁ። ይህ የአያና ብሩ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ፊደሉ አሁን ሳይቈራረጥ ሙሉ ሆኖ መውጣቱ ነው። በ1940 ዓ.ም. ፊደሉን በመኪናው ልክ ቈርጠነው ቢሆን ኖሮ ከ50 ዓመት በኋላ መኪናው ዕቃ ቤት ሲገባ የተቈረጠው ፊደል እንደተቈረጠ ይቀር ነበር።

አሁን የቀረው አሳሳቢ ነገር ሌላ ነው። ፊደሉ በየስልካችን ላይ እያለ ብዙዎቻችን ለጓደኛ በላቲን ፊደል አማርኛ እንጽፋለን፤ ለዚህም መኪናውን መክሰስ አንችልም። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ለታናሽ እኅቴ ስለ ጤናዋ የጠየቅሁት በላቲን ፊደል ነበር። እሷ ግን በፊደላችን መለሰችልኝ፤ ሀውንም ሐውንም ኀውንም አሳስታ።