ለብዝበዛ የተዳረጉ ሕፃናት፦ ተጋላጭነትና በሕክምና ተቋማት የሚለዩባቸው ምልክቶች

ሕፃናትን መበዝበዝ ማለት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለሌላ ሰው ጥቅም ሲባል በጉልበት ሥራ፣ በልመና ወይም በወሲብ ንግድ ማሰማራት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ በ2021 በግዳጅ ሥራ ውስጥ ከነበሩት 27.6 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 3.3 ሚሊዮን ያህሉ ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ፖሊስ መሄድ አይደፍርም፤ ሕመም ሲጠናበት ግን ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይችላል። የምርመራ ክፍሉም ከበዝባዡ ሌላ ሰው የሚያይበት ብቸኛ ስፍራ ሊሆን ይችላል።

የሕጉ መሠረት

እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ፕሮቶኮል በአዋቂና በሕፃን መካከል ልዩነት ያደርጋል። ተጎጂው አዋቂ ከሆነ ማስገደድ፣ ማታለል ወይም ሌላ መሰል ዘዴ መኖሩ ይታያል። ሕፃን ከሆነ ግን ለብዝበዛ ዓላማ መመልመሉ ወይም መጓጓዙ ብቻውን ወንጀል ነው። ስለዚህ «ፈቅዳ ነው የመጣችው» የሚለው ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ለአደጋ የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

ድህነት፣ የወላጅ ሞት፣ ድርቅ፣ ግጭትና ትምህርት ማቋረጥ ቀዳሚዎቹ ናቸው። በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበት ወይም ከቤቱ የወጣ ልጅም በቀላሉ ይታለላል። ደላላው ብዙ ጊዜ የሚታመን ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው፤ «አስተምራታለሁ» ተብላ ወደ ከተማ የተወሰደች ልጅ ያለ ደመወዝ የቤት ሠራተኛ ሆና ልትቀር ትችላለች። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በጅቡቲ ወይም በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ በሚዘልቀው መስመር ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆች ደግሞ ለዕዳ፣ ለእገታና ለድብደባ ይጋለጣሉ። የልደት ምስክር ወረቀት አለመኖርም ዕድሜን በሰነድ ላይ ለመጨመር በር ይከፍታል።

የጤና ባለሙያው የሚያስተውላቸው ምልክቶች

አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ሲደራረቡ ግን ጥርጣሬን ያጠናክራሉ።

• ከተነገረው ምክንያት ጋር የማይጣጣም ጉዳት፣ በተለያየ ጊዜ የደረሱ ጠባሳዎች፣ የካውያ፣ የዘይት ወይም የበረኪና ቃጠሎ
• ሳይታከም የቆየ ሕመም፣ ከፍተኛ ድካም፣ የምግብ እጥረት
• የአባላዘር በሽታ ወይም እርግዝና
• አብሮ የመጣው ሰው በልጁ ፈንታ መመለሱ፣ ሰነዶቹን መያዙና ልጁን ብቻውን ለመተው አለመፍቀዱ
• ልጁ የሚኖርበትን አድራሻ አለማወቁ፣ ወይም ታሪኩን እንደተጠና ትምህርት መድገሙ
• በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ከመልኩና ከሁኔታው ጋር አለመስማማቱ

የእጅ አጥንት ራጅ ዕድሜን በትክክል አይወስንም፤ የሁለት ዓመት ያህል ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። በመሆኑም ጥርጣሬ ሲኖር ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ታካሚው እንደ ሕፃን ሊታይ ይገባል።

የሚወሰደው እርምጃ

ባለሙያው ልጁን ለብቻው ያነጋግራል። ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚሰማውን በምስጢር እስከምን ድረስ ሊይዝ እንደሚችልም አስቀድሞ ይገልጻል። «የት ትተኛለህ? ስንት ሰዓት ትሠራለህ?» የሚሉ ቀላል ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ የልጁን ቃል ሳይለውጥ ይመዘግባል። አብሮ የመጣውን ሰው ፊት ለፊት አይወነጅልም፤ ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ሊቀጣ ይችላልና። ወሲባዊ ጥቃት ከተፈጸመ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ጊዜ ማባከን አደገኛ ነው።

አሠሪው ወይም ዘመዱ አስተርጓሚ ሊሆን አይገባም። አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ወይም ጎረቤት ለማስተርጎም ሲጠራ የተባለውን ሳይጨምርና ሳያለዝብ ማስተላለፍ፣ ጥርጣሬውንም ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ለብቻ መንገር ይጠበቅበታል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋዲማ ሕግ በመባል የሚታወቀው የ2016 የሕፃናት መብት ሕግ ሐኪሞችን፣ መምህራንንና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን ጥቃትን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግም ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው መቅጠር ይከለክላል። በኤምሬትስም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ የሕፃናት እርዳታ የስልክ መስመር 116111 ነው።