ጭስ እና አስም፦ ዕጣንና ከሰል ትንፋሽ ሲያሳጥሩ

አስም የአየር ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡበት የቆየ ሕመም ነው። ባልተነሳበት ጊዜ ታማሚው ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጭስ ሲገባ ግን በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ውስጣቸው ያብጣል፣ አክታም ይበዛል። አየር የሚያልፍበት መንገድ ሲጠብ ደረት ይጨነቃል፣ ሳል ይበረታል፣ ሲተነፍሱም ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል።

መዓዛው ቢያምርም ጭስ ነው

ብዙዎቻችን ዕጣን ሽታው መልካም ስለሆነ አይጎዳም ብለን እናስባለን። ሉባንም ሆነ ዑድ ሲጨስ ግን እንደ ማገዶና እንደ ሲጋራ ሁሉ ደቃቅ ብናኝ ይለቃል። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዝ ይጨምራል። ስለዚህ አስም የተነሳበትን ሰው በጭስ ማጠን ሕመሙን ማባባስ ነው።

አስም ሲነሳ

1. ታማሚውን ጭስ ወደሌለበት ንጹሕ አየር እናውጣ። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ አናስተኛው።
2. ሐኪሙ የሰጠው የተለየ መመሪያ ከሌለ፣ ሳልቡታሞል (ቬንቶሊን) አራት ጊዜ አንድ በአንድ ይሳብ። በስፔሰር ከሆነ ከእያንዳንዱ በኋላ አራት ጊዜ ይተንፍስ።
3. አራት ደቂቃ ጠብቀን ካልተሻለው እንድገመው።
4. አሁንም ካልተሻለው፣ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንውሰደው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

በጾም ወቅት

ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን የአስም መሳቢያ ጾምን አያበላሽም ብለዋል፤ ያበላሻል ያሉ ዑለማዎችም አሉ። በየትኛውም አቋም ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው መግሪብን መጠበቅ የለበትም። አላህ (ሱ.ወ.) ለታማሚ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል (አል-በቀራህ 184–185)።

ይሉኝታ አይጉዳን

በዱዓ፣ በመውሊድ ወይም በቡና ላይ የተቀመጠ ታማሚ አስተናጋጁን እንዳያስከፋ ብሎ ጭሱን ይችላል፤ አደጋው የሚብሰውም በዚህ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጂድ እንዳይቀርብ ያዘዙት ሽታው ሰውን ስለሚያስቸግር ነው። ሽታ እንዲህ ከታሰበበት ትንፋሽ የሚያሳጥር ጭስ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ስለዚህ ዕጣን ከማጨሳችን በፊት አስም ያለበት ሰው መኖሩን እንጠይቅ፤ ካለ እንተወው። ከሰሉንም ደጅ እናቀጣጥል፣ መስኮት እንክፈት። ታማሚውም «ጭሱ ያመኛል» ለማለት አይፈር፤ መሳቢያውንም ከኪሱ አይለይ።