ሕፃኑ የሚቆጥርበት ቋንቋ

በኮምቦልቻ ከተማ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ፊደል መለየትን፣ መደመርንና መቀነስን የሚማሩት በአማርኛ ነው። ነገሩ ዛሬ ተራ ቢመስልም ረጅም መንገድ ተጉዞ የተገኘ ነው።

በጥንቱ የወሎ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን የሚማረው ልጅ ከፊደል ወደ ዳዊት ሲሻገር የሚያነበው በግዕዝ፣ በቁርኣን ቤት ሉሑን የያዘው እኩያውም በዐረብኛ ነበር። ሁለቱም ንባቡን አጥርተው ያውቃሉ፤ ትርጓሜው ግን ዘግይቶ ይመጣል። ከ1933 ዓ.ም ነፃነት በኋላ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርትም፣ የአማርኛ መጻሕፍት ገና ባለመደራጀታቸው፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ላይ ተደገፈ። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደረጃ በደረጃ 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ፤ በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። በመሆኑም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በከሚሴ ያሉ ሕፃናት ሂሳብን በኦሮምኛ ይማራሉ።

ይሁን እንጂ ያው ፖሊሲ ለሁለተኛ ደረጃ ያጸናው እንግሊዝኛን ነው። ልጁ ሲሶና እርቦ ምን እንደሆኑ ዳቦ ቆርሶ በራሱ ቋንቋ ካልተረዳ፣ በኋላ በባዕድ ቃል የሚሰጠው ቀመር ትርጓሜው ሳይገባው የሚደግመው ንባብ ብቻ ይሆንበታል። በአንደኛ ክፍል የጎደለውን ይህን መሠረት፣ በዚያው ከተማ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲደርሱ መጠገን እጅግ አስቸጋሪ ነው።