መሣሪያው የማን ነበር?

በቢቸናና በሞጣ የሙያ ሰው ቤት ቀየረ ተብሎ አይታማም። አዝማሪው የሠርግ ወራት ሲደርስ ማሲንቆውን አንግቶ ከደጅ ደጅ ይዞራል። የቅኔ ተማሪውም ለቢቸና ቅርብ ከሆነው ከዲማ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ዋሸራ ይሻገራል፣ ጎንጅ ይዘልቃል፤ ብዙ መምህር ያየ ይከበራል እንጂ «ከዳ» አይባልም። ጊታር የያዘው የከተማ ሙዚቀኛ ከአንድ ባንድ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን አድማጩ ግራ ይጋባል። ተጣልተው ነው? ገንዘብ ነው? ወይስ ምቀኛ አለበት?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን በ1965 እ.ኤ.አ. ያርድበርድስን ጥሎ የወጣው ባንዱ ዝና ማግኘት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ብሉዝ ልጫወት ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ክሪምንና ብላይንድ ፌይዝን ጨምሮ ቢያንስ አራት ባንድ አዳረሰ። እሱን ያንከራተተው የገዛ ምርጫው ነው። የእኛዎቹን ለመረዳት ግን መጀመሪያ መሣሪያውና መድረኩ የማን እንደነበረ መጠየቅ ይበጃል።

መጀመሪያ ሁሉም የመንግሥት ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። በእነዚህ ቤቶች ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ወታደር ነው፤ ሲያሻው አይለቅም። የቤቱ ዕጣም ዕጣው ይሆናል። ክቡር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ጦሱ ለድምፃውያኑም ተርፎ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በር ተከፈተ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። እንደ ሶል ኢኮስ ያሉ የግል ባንዶች፣ ክበቦችና የሆቴል መድረኮችም ተበራከቱ። ሙዚቀኛው ከወታደር ቤት ወጣ፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ጊታሩ፣ ከበሮውና ማጉያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ከባለቤቱ ጋር ያልተስማማ ተጫዋች ባዶ እጁን ይወጣል፤ መሣሪያ ያለበትን ሌላ ቤትም ይፈልጋል። ከውጭ ሲታይ እንቆቅልሽ የሚመስለው ብዙው ዝውውር ከዚህ የመነጨ ነው።

ዋልያስ ባንድን ልዩ ያደረገውም ይኸው ነው። ቬነስ ክለብ ውስጥ አብረው የሠሩ ልጆች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ባንዱን እንደያዙ ከመድረክ መድረክ መዞር ቻሉ፤ ሂልተን ሆቴልም ለዓመታት ተጫወቱ። በደርግ ሰዓት እላፊ ዘመን እንግዳውም ሙዚቀኛውም ሳይነጋ መውጣት ስለማይችሉ ጨዋታው እስከ ማለዳ ይዘልቅ ነበር። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲሄድ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ኃይሉ መርጊያን፣ ግርማ በየነንና ሞገስ ሀብቴን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መኪናውን አቁሞ፣ ከኋላ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱ ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ተመለሰ።

ተቃራኒው የጊታሪስቱ የሰላም ሥዩም መንገድ ነው። ከአስመራ መጥቶ አይቤክስ ባንድን ተቀላቀለ፤ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከጆቫኒ ሪኮ ጋርም ጸና። አይቤክስ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያጀበው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ባንዱ ሮሃ ተባለ፤ ስሙ ቢለወጥም ዋነኞቹ ሰዎች ያው ነበሩ። በካሴት ዘመን በመቶ የሚቆጠሩ ሥራዎችን ሲያጅብ፣ ድምፃውያኑ ተፈራረቁ እንጂ ጊታሩ አልተንቀሳቀሰም። ቢቸናና ሞጣ በቴፕ የሰሙት የብዙ ዘፋኝ ጊታር የአንድ ሰው እጅ ነው።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሌላ መሰላል ነበር። በደርግ ዘመን ኪነት ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ተዋቀረ። ያኔ ቢቸናም ሞጣም አውራጃ ነበሩ፤ ከላይ የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ጊሽ ዓባይ ነበረ። ወደ ላይ የተጠራ ወጣት የሚሄደው መሣሪያውና በጀቱ ወዳለበት ነው፤ ቀሪው ጓደኛው ቢከፋውም መክዳት አይደለም።

ለዚህ መለኪያ የማይገዛው የጎጃም ተወላጁ ሙሉቀን መለሰ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ በኢኳተርስ፣ ቀጥሎም በዳህላክ ባንድ ታጅቦ ገነነ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገባና ዓለማዊውን ዘፈን ጨርሶ ተወ፤ ድምፁንም ለመዝሙር ሰጠ። አድናቂው ይመለሳል ብሎ ዓመታት ጠበቀ። በ2016 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ክበብም ሆቴልም አላስገደደውም፤ እምነቱ ነው።

ስለዚህ «ለምን ለቀቀ?» ከማለት በፊት «መሣሪያው የማን ነበር?» ማለት ይገባል። ችግሩ መልሱ የተጻፈበት ወረቀት ጥቂት መሆኑ ነው፤ የካሴቱ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የዘፋኙንና የባንዱን ስም እንጂ የተጫዋቾቹን አይናገርም። በየአውራጃው ኪነት የተጫወቱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ የሚኖር አንባቢ ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ከጀርባው ስማቸውን፣ የያዙትን መሣሪያና ዓመቱን ይጻፍበት።