በቴምዝ ዳር የነበረው የብረት መርከብ መሥሪያ

ቴምዝ አይረንዎርክስ በምሥራቅ ለንደን፣ የሊ ወንዝ ከቴምዝ በሚገናኝበት ሥፍራ የነበረ ታላቅ የመርከብ መሥሪያ ነው። ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1837 ዲችበርንና ሜር የተባሉ ሸሪኮች ሲሆኑ፣ ሜር ከከሰረ በኋላ በ1857 በአዲስ ስም በኩባንያነት ተቋቋመ።

ዝናውን ያተረፈለት ዎሪየር የተባለው የጦር መርከብ ነው። የዎሪየር ጎን 11 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር የብረት ጥሩር ተሸፍኖ ከኋላው በቲክ እንጨት ተደግፏል። ታኅሣሥ 29 ቀን 1860 ወደ ውኃ ሊወርድ ሲል ብርዱ እጅግ ጸንቶ ስለነበር መርከቡ ከመንደርደሪያው ጋር በበረዶ ተጣበቀ። ያላቀቁት ጎታች ጀልባዎች ስበውት ነው። ዛሬ ፖርትስመዝ ወደብ ላይ ይጎበኛል።

በ1866 ኦቨረንድ ገርኒ የተባለው የገንዘብ ተቋም ሲወድቅ ብዙዎቹ የቴምዝ መርከብ ሠሪዎች አብረው ወደቁ። የድንጋይ ከሰልና ብረት የሚመጣው ከሩቅ ነበር፤ የለንደን መሬትና የሠራተኛ ደመወዝም ውድ ነበር። በክላይድና በታይን ወንዞች ዳር ያሉት ተፎካካሪዎች ግን ለማዕድኑም ለማቅለጫውም ቅርብ ነበሩ። ቴምዝ አይረንዎርክስ የዘለቀው ከብሪታንያና ከውጭ ባሕር ኃይሎች በሚያገኘው ትእዛዝ ነው። በ1905 በቱሺማ የባሕር ውጊያ የተሳተፉት ፉጂና ሺኪሺማ የተባሉ የጃፓን መርከቦች እዚያ የተሠሩ ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት መሥሪያውን የመራው አርኖልድ ሂልስ በ1894 የሥራውን ቀን ስምንት ሰዓት አደረገ። በ1895 ለሠራተኞቹ የተመሠረተው የእግር ኳስ ቡድን በ1900 ዌስት ሃም ዩናይትድ ሆነ፤ በአርማው ላይ የተጠላለፉት መዶሻዎችም የብረት ሠራተኞቹ መሣሪያ ናቸው። ከባዱ ሐዘን የደረሰው በ1898 ነው። አልቢዮን የተባለው መርከብ ውኃ ሲገባ ያስነሣው ማዕበል ተመልካቾች የቆሙበትን መሸጋገሪያ ሰብሮ ከ30 በላይ ሰዎች ሰጠሙ።

መርከብ እየገዘፈ ሲሄድ ቦታው ጠበበ። በ1911 ወደ ውኃ የወረደው 22,000 ቶን ገደማ የሚመዝነው ተንደረር የተባለው የጦር መርከብ፣ ቀሪ ሥራው እንዲጠናቀቅ ወደ ዳገንሃም መጎተት ነበረበት። ከእርሱ በኋላ ሌላ ትእዛዝ ስላልመጣ መሥሪያው በ1912 መጨረሻ ተዘጋ። በቴምዝ ዳር ከተንደረር በኋላ ሌላ ትልቅ የጦር መርከብ አልተሠራም።