ብረት መዳብ የሆነበት ዘመን

ቻይናዊው ሊቅ ሼን ኩዎ እ.ኤ.አ. በ1088 ገደማ ባሰናዳው መጽሐፍ ስለ አንድ መራራ ምንጭ ጽፏል። ውሃው ሲፈላ መዳብ ይገኝበታል፤ የሚፈላበት የብረት ምጣድም ውሎ አድሮ መዳብ ይሆናል። በዛሬዋ ስሎቫኪያም ከማዕድን ጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ውስጥ ብረት እየተነከረ መዳብ ይሰበሰብ ነበር፤ ከዚሁ መዳብ በተሠሩ ዋንጫዎች ላይም ቀድሞ ብረት እንደነበሩ የሚናገር ጽሑፍ ይቀረጽ ነበር። ተራ ማዕድን ወደ ወርቅ ይለወጣል ብለው ለሚያምኑት አልኬሚስቶች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም፤ ብረት መዳብ ከሆነ እርሳስ ወርቅ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

እነዚህን ሰዎች ተላላ ማለት ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ብረቱ ሲመነምን፣ መዳቡም በቦታው ሲተካ በዓይናቸው አይተዋል። «ቢመዝኑት ኖሮ ይደርሱበት ነበር» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ በንጹህ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ 56 ግራም ብረት ሲሟሟ 63.5 ግራም ያህል መዳብ ይወጣል፤ ይህ ጭማሪ ከየት መጣ ያሰኛል። የማዕድን ውሃ ግን አሲድ ስላለበት ተጨማሪ ብረት ይበላል፤ የሚጠፋው ብረት ከሚገኘው መዳብ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ ራሱ ያሳስት ነበር።

ነገሩን የፈታው ከመመዘን ይልቅ መሥራትና ማፍረስ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም አንጄሎ ሳላ በ1617 በዚህ ዓይነቱ ውሃ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ የቪትሪዮል ጨው፣ ማለትም የመዳብ ሰልፌትን፣ ከመዳብ፣ ከሰልፈሪክ አሲድና ከውሃ ሠርቶ አሳየ። ጨው ውስጥ መዳብ ካለ፣ ብረቱ ያደረገው ቀድሞ የነበረውን መዳብ አስለቅቆ በቦታው መግባት ብቻ ነው። ኒውተንም «ኦፕቲክስ» በተሰኘው መጽሐፉ መዳብ ብርን፣ ብረት ደግሞ መዳብን ከአሲድ ውስጥ እንደሚያስለቅቁ ዘርዝሯል። ሥርዓቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ መዳብ በብረት ሰልፌት ውሃ ውስጥ ቢነከር ብረት አይወጣም። ኤሌክትሮኑን ይበልጥ በቀላሉ የሚለቀው ብረት ነውና።

«መዳቡ እስከተገኘ ድረስ ማብራሪያው ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄም ተገቢ ነው። ማዕድን አውጪው በእርግጥ ያለ ማብራሪያው መዳቡን አግኝቷል። ለአዲስ ሥራ ግን የተሳሳተ ምክንያት መንገድ አይመራም፤ በለውጥ የሚያምን ሰው የሚጨነቀው ስለሚነክረው ብረት ነው፣ መተካትን ያወቀ ግን አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቃል። በ1890ዎቹ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ፋብሪካዎች የተፈጨውን ድንጋይ በሳያናይድ አሟሙተው በዚንክ ፍቅፋቂ ወርቁን ሲያወጡ የተከተሉት ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ርካሹ ዚንክ ወርቅ ሊያስገኝ የቻለው ወደ ወርቅ ስለተለወጠ ሳይሆን ቦታውን ስለተካለት ነው።